የእናቴ አክታ

በወርቅ የተታለለ ሰው አውቃለሁ፤ በመሬት፣ በጋብቻ፣ በአደራ ከብት የተታለለም ሞልቷል። በአክታ የተታለለ ሰው ግን ከእኔ በቀር ሰምቼ አላውቅም። ያውም አክታ መመርመር እንጀራዬ ሆኖ! ያውም በገዛ ቤቴ ሰዎች! ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ያስቀኛል፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይፈላል።

በደርግ ዘመን ጎንደር ከተማ፣ በአንድ ሕክምና ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ኃላፊያችን ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ማይክሮስኮፑን አቧራ እንዳይነካባቸው የሚስታቸውን አሮጌ ነጠላ ያለብሱት ነበር። ከሳቸው ሥር ሆኜ በዓይን የማይታየውን ጠላት በየመልኩ ለየሁት። ወደ ሰሜን የሚሄዱ ወታደሮች ቅማል ይዟቸው ይመጡና ትኩሳቱ ይነሳባቸዋል፤ ደማቸውን ስናይ የግርሻ ትኩሳቱ ጀርም እንደ ተጠመዘዘ ክር በቀያዮቹ የደም ሴሎች መሀል ይንቀጠቀጣል። ከቆላ በሚመጣው ሰው ደም ውስጥ ወባ አለ፤ በቀይ ሴሏ ውስጥ ቀለበት ሠርታ ተቀምጣለች። በዓይነ ምድር ውስጥ አሜባ ቀስ እያለ ይሳባል። ሁሉም የየራሱ አመል አለው። ግርሻው ይጥልሃል፣ ይተውሃል፣ ዳንኩ ስትል ተመልሶ ይጥልሃል። የማጅራት ገትሩ ጊዜ አይሰጥም፤ ጧት ትምህርት ቤት የሄደን ልጅ በማታው ይቀብረዋል።

የሳንባ ነቀርሳው ግን አይቸኩልም። ሌላው ጀርም ስንቴ ሲባዛ እሱ ገና አንዴ ለመከፈል ይንደፋደፋል። ሰውየውን ከውስጥ እየበላ ከሰውየው ጋር ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። አክታውን ስላይድ በምንለው ቀጭን መስተዋት ላይ እንቀባና እናደርቀዋለን፤ ቀይ ቀለም አፍስሰንበት እስኪተን ድረስ ከሥሩ በአልኮል ነበልባል እናሞቀዋለን፤ ከዚያ በአሲድ እናጥበዋለን። ሌላው ጀርም ሁሉ በአሲዱ ቀለሙን ይለቃል። ይሄኛው ቆዳው ሰም ስላለበት አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም እናለብሰዋለን፤ በሰማያዊው ላይ ቀያይ ቀጫጭን ስንጥሮች ከታዩ ሰውየው ታሟል። ጋሼ ይህን ሲያስተምሩኝ፣ ስላይድ አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው ይሉኝ ነበር።

በአክታ ጉዳይ ቁጡ ነበርኩ፤ አልክድም። ሰው ምራቁን እንትፍ ብሎበት ሲያመጣ እጮሃለሁ። ምራቅ ከአፍ ነው፣ አክታ ከደረት ነው፤ በምራቅ ውስጥ ነቀርሳ መፈለግ ውሃ ወቅጦ እንቦጭ ማለት ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ባላገሮች «ያቺ አክታ የማያጠግባት» ይሉኛል አሉ። ይበሉኝ፤ ምን ቸገረኝ።

እናቴ ከዳባት በላይ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ባለ ደጋ ነበር የምትኖረው። አባቴ ሞቷል። በእኔና በታናሽ ወንድሜ መካከል የነበሩትን ልጆቿን ኩፍኝ በአንድ ክረምት ጠራርጎ ወስዶባታል። እኔን ትምህርት ቤት ወሰደኝ፤ ለእሷ የቀረላት የመጨረሻው ልጇ ብቻ ነበር፤ መሬቱንም የሚያርስላት እሱ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በደቦ ላይ ሲያቅራራ ሴቱ ሁሉ አንገቱን የሚያዞርለት ልጅ ነበር። እናቴ እሱ እህል ሲጎርስ እያየች ትጠግባለች። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትቀመጥ ነበር። የሄዱት የጎረቤት ልጆች ወዴት እንደ ደረሱ አልታወቀም፤ መርዶ የመጣላቸውም ነበሩ።

በጥምቀት ልጠይቃት ወጣሁና ደነገጥኩ። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ከኅዳር ጀምሮ ያስላታል፤ ጧት ስትነሳ ልብሷ በላብ ረጥቧል። ከእኔ ጋር ጎንደር እንውረድ ብዬ ለመንኳት። ማኪና ያጥወለውለኛል አለች፤ ከብቱን ማን ያይልኛል አለች፤ ብርድ ነው፣ ጠበል እጠመቅበታለሁ አለች። ምን አደርጋለሁ? ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ትቼላት ወጣሁ። እሷንም ወንድሜንም አስቀምጬ አስተማርኳቸው፦ ጧት እህል ሳይቀመስ፣ አፍ በውሃ ተጉመጥምጦ፣ አየር ሳብ ተደርጎ፣ ከደረት ተስሎ። ክዳኑ ይጠበቅ፣ ፀሐይ አይንካው፣ በዚያው ቀን ይድረስልኝ። ወንድሜ እንዴት በጥሞና ይሰማኝ እንደነበር! አንዳንዱን ነገር መልሶ ይጠይቀኛል። ነቀርሳ ያለበት አክታ ምን ይመስላል አለኝ። እኔ ሞኟ ቢጫ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ የደም ክር ይታይበታል እያልኩ በዝርዝር አስረዳሁት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

የእናቴን አክታ እሱው ያመጣልኝ ጀመር። ከፍቼ ሳየው አረፋ ነው፤ ውሃ ነው። ተቆጣሁ። «እታለም፣ አቅም የላትም እኮ፤ ይቺንም በስንት ጭንቅ ነው የተፋችው» አለኝ፤ ሆዴን አባባው። ደግሞ እንዲያመጣ ነገርኩት፤ ደግሞ አመጣ፤ ሦስተኛም አመጣ። ያው አረፋ ነው። ቢሆንም እናቴ ናትና በምራቅ አላየሁም ብዬ አልተውኩትም፤ ቀለሙን አልብሼ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ለቀምኩት። አንድ ቀይ ስንጥር የለም። ጋሼም አይተው የለም አሉ።

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ማን ይስጠኝ! ስኳርና ሎሚ ገዝቼ፣ ጥሩ ፎጣም ጨምሬ በወንድሜ ላክሁላት። ንጹሕ ነሽ በላት አልኩት፤ ብርድና የጎጆ ጭስ ነው፣ እሳት አታብዛ በላት። ወንድሜ ጉንጬን ግራና ቀኝ ስሞኝ ሄደ። ሲስመኝ ዓይኑን ዓይኑን አይቼው ነበር፤ ምንም የለበትም።

ፋሲካ ሲቃረብ የገበሬ ማኅበሩ የዘመቻ ኮታ መጣ። ወንድሜም እያሳለ መጣ። ከስቷል፤ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ማን የማይከሳ አለ? ማታ ማታ ያልበኛል፣ ደረቴን ይወጋኛል አለኝ። ዕቃ ሰጠሁትና እንደ ማንኛውም በሽተኛ ወደ ጓሮ ላክሁት፤ ክፍሉ ውስጥ እንዳይስልብን በሽተኛው ከሕንፃው ኋላ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቆሞ ስሎ ነው የሚመጣው። ሲስል በመስኮቱ እሰማዋለሁ። የያዘውን ዕቃ ከፍቼ አየሁ፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ የደም ክር የተጋደመበት። የላብራቶሪ ሰው ጥሩ አክታ የሚለው ማለት ነው።

ስላይዱን ሳየው በማይክሮስኮፑ የሚታየው ሜዳ ሁሉ ቀይ ነው። መቁጠር አያስፈልግም፤ በየትም ብዞር ቀይ ነው። ጋሼ መጥተው አዩና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በጋዋኔ አፍኜ አለቀስኩ። እናቴ የቀራትን አንድ ልጅ ይሄ ታጋሽ ጀርም እንዳይወስድባት ብዬ ለእመቤታችን ተሳልኩ።

የሕክምና ቤታችን ዶክተር ደህና ሰው ነበር፤ ግን ፈሪ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ማን ፈሪ ያልሆነ አለ? ከውትድርና የሚያስቀር ማስረጃ የሚፈርም ሐኪም አንገቱን ይዞ ነው የሚፈርም። የታመመ ሰው አክታ በኪስ ይዞ መጥቶ የኔ ነው የሚል ጎረምሳ እንዳለ ተሰምቷል፤ በሌላ ወረዳ በዚሁ የታሰሩ ነበሩ። ራጅ እንዳያስነሳው የራጅ ፊልም ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ እኔን ጠየቀኝ፤ ቤታቸው ውስጥ ሌላ የሚያስለው ሰው አለ ወይ አለኝ። እናቴ ታስል ነበር፣ የሷን አክታ ደጋግሜ እኔው አይቸዋለሁ፣ ንጹሕ ናት አልኩት። «አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» ብሎ ፈረመ። ማኅተሙም ተመታ፤ ወንድሜ ከኮታው ወጣ። እንግዲህ እዩት፤ የእናቴ ንጹሕ መሆን ነው የሱን መታመም እውነት ያደረገው። እኔ ደግሞ ምስክር።

ከእሑድ በቀር በየቀኑ መርፌ መወጋት ስለነበረበት ከኔ ጋር ተቀመጠ። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበረች። አልጋዬን ለቅቄለት መሬት ተኛሁ። ከፋሲካ በኋላ ዕንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን ከየትም ከየትም አመጣለሁ። ማንኪያውን ለብቻ፣ ኩባያውን ለብቻ፤ አንሶላውን ቀቅዬ ነው የማጥበው። መርፌው ያመኛል እያለ ሲያነክስ ውሃ አሙቄ አጥበዋለሁ። ክኒኑን እኔ ላብራቶሪ በዋልኩበት ሰዓት ስለሚውጠው አላየውም። መድኃኒቱን የማይውጥ በሽተኛ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት ይወጣል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አስጠነቅቀዋለሁ፦ ከእምዬ ጋር አትጠጋጋ፣ ስትስል ፊትህን አዙር፣ እሷ በዋንጫህ እንዳትጠጣ፣ ኋላ ታስይዛታለህ! አንገቱን ደፍቶ እሺ እታለም ይለኛል። ለእናቴም ይህንኑ ላክሁባት። እሺ ልጄ፣ እጠነቀቃለሁ ብላ መልሳ ላከችብኝ። ኧረ ጉድ! አሁን ሳስበው በሁለታቸው መካከል ይህን መልእክት ምን እየተባባሉ እንደ ተቀባበሉት ብሰማ ምን አለ እላለሁ።

ወንድሜ ወፈረ። ጉንጩ ሞላ፤ አንገቱ ሰፋ። ጎረቤቶቼ መርፌው ተስማማው አሉኝ፤ እኔም መድኃኒት እንዲህ ነው እያልኩ ተኩራራሁ። መርፌው ሲያልቅ ክኒን ብቻ ቀረው፤ በየወሩ እየመጣ እንዲወስድ ተነግሮት ወደ አገሩ ወጣ። በሐምሌ መጣ፤ በነሐሴም መጣ። ከዚያ ቀረ።

ሲቀር ሌላ ስጋት ያዘኝ። የነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ መተው ካለመጀመር ይብሳል። ደካማው ጀርም መጀመሪያ ይሞታል፤ ጠንካራው ትንሽ ይቀራል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያ የቀረው ይባዛል፤ ልጆቹም መድኃኒቱን ለምደውት ይወለዳሉ። ወንድሜ ይሄ እየደረሰበት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መስቀል እንዳለፈ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ።

ወንድሜ የለም። ከሰሊጥ አጫጆች ጋር በዛሪማ በኩል ወደ ቆላ ወርዷል አሉኝ፤ ያን ማኅተም ያለበትን ማስረጃ እያሳየ ኬላውን ሁሉ እንዳለፈ የነገሩኝ በመገረም ነው። እናቴ ግን መደብ ላይ ተኝታለች። እጇን ስይዛት የያዝኩት አጥንት ነው። ቀና ብላ ለመሳም እንኳ ትንፋሽ አጣች። «ምነው መጣሽ ልጄ?» ነው ያለችኝ፤ ደስ ያላት አትመስልም። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሱልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፤ እየተቀያየሩ፣ ቁልቁለቱን እንዳያንገላታት እየተጠነቀቁ።

ጎንደር እንደ ገባን ላብራቶሪው ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ጀርባዋን ደግፌ፣ ዓይኔ እያየ አስሳልኳት። በአንድ ሳል ዕቃው ግማሽ ሞላ። አቅም የላትም የተባለችው ሴትዮ! ወፍራም፣ ቢጫ፣ የደም ክር ያለበት። ስላይዱ ቀይ በቀይ ነው። ጋሼ አይተው፣ ልጇ አስይዟት ይሆናል አሉ። እኔም አዎ አልኩ፤ ሌላ ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። እያስጠነቀቅሁት ስላልሰማኝ በወንድሜ ላይ እሳት ሆንኩ።

እናቴ ተኝታ መታከም ጀመረች። በማግስቱ ከሰዓት፣ ፀሐይዋን እንድትሞቅ በረንዳ ላይ አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ወንድሜን ረገምኩት። ሺ ጊዜ ነግሬው፣ ሺ ጊዜ ለምኜው፣ እናቱን በበሽታው ገደላት፤ ሥራውን ይስጠው አልኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። በዚያ በደከመ እጇ እንዲያ መያዝ ትችላለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«ልጄን አትርገሚብኝ» አለች። «እሱ ምንም የለበት። ያኔ ያየሽው አክታ የኔ ነው።»

አልገባኝም። ደግማ ነገረችኝ፤ እያሳለች፣ እያረፈች፣ አንድም ሳታስቀር። የሷ ነው ብሎ ያመጣልኝ አረፋ የሱ ምራቅ ነበር። የኔ ነው ያለኝን ደግሞ ጧት ተነስታ እሷ ናት የሳለችው፤ በባዶ የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ አሽጎ በኪሱ ይዞት መጣ፤ ጓሮ ቆሞ እየሳለ ገለበጠው። ሁለታችሁም ብትታመሙ ምን ነበረበት፣ አንዱን አክታ ለሁለት አትከፍሉትም ነበር ወይ አልኳት፤ በንዴት። ቤት ውስጥ ሌላ በሽተኛ ካለ እንደማያምኑት ሰምተው ነበር። ስለዚህ እሷ ጤነኛ መባል ነበረባት። ይህን ያሰበው ማን ነው አልኳት። ሁለታችንም አለች፤ ቀጥላም እኔ ነኝ አለች። የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክኒኑንስ አልኳት። በየቅዳሜው ያመጣላት ነበር፤ መርፌውን እሱ ይወጋል፣ ክኒኑን እሷ ትውጣለች። «ሸጋ ልጅ ነው፤ አንዲት ቀን አላጎደለብኝም» አለች። ታዲያ ለምን አቋረጥሽ? ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሳ ያለውን ክኒን ሁሉ ጠቅልላ ሰጠችው። ኬላ ላይ በሽተኛ ነኝ ሲል፣ መድኃኒትህ የታለ ቢሉት ምን ያሳያል? እሱም ተቀበላት። ተቀበላት እኮ! እናቱ ደም እየተፋች፣ መድኃኒቷን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ይህን ብላት አልሰማችኝም፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረች።

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ ልጅሽ አይደለሁም? ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ውሸት አይሆንልሽም፤ ከልጅነትሽም እንዲሁ ነሽ» አለችኝ። «ብታውቂ ኖሮ ፊትሽ ይናገርብን ነበር። ስላላወቅሽ ነው ሐኪሙ ያመነሽ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን የጣለኝ ግን የታመንኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ መታመኔን ነው የተጫወቱበት። አልጋዬን የለቀቅሁለት፣ አንሶላ የቀቀልኩለት፣ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ያለቀስኩለት ሁሉ ምራቅ ብቻ ላለው ጤነኛ ነው። ብድግ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ያን ቀን የማንን አክታ እንዳየሁ፣ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

እንግዲህ ንዴቱ ይቆየን፤ እናቴ ግን እየሞተች ነው። መርፌውም ክኒኑም ተሰጣት፤ ትኩሳቱ አልለቀቀም፣ ስላይዱም ቀይ እንደሆነ ቀረ። እኔ ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ያን ክኒን ጀርሙ ለምዶታል። በዚያን ጊዜ አንድ ሌላ መድኃኒት ነበር፤ ሽንትን የሚያቀላ ካፕሱል ነው፤ ከአዲስ አበባ በጥያቄና በስንት ልመና የሚመጣ። የሚሰጠው የመጀመሪያውን ሞክሮ ላልዳነ ብቻ ነው። አዲስ በሽተኛ ከሆነች አታገኘውም፤ ጠብቂ ትባላለች፤ እስከዚያ ደግሞ ነፍሷ አይቆይላትም። ማግኘት የምትችለው ክኒኑን ከዚህ በፊት ወስዳ ማቋረጧ ከተነገረ ነው። ከየት አግኝታ ወሰደች ከተባለ ደግሞ ወንድሜ አለቀለት።

ይህን አስረዳኋት። ከነገርሽ ልጄን በእጅሽ እንደ ገደልሽው እወቂው አለችኝ። እኔም ሥጋ ነኝና አመነታሁ። የጎረቤት ልጆች መርዶ አይዘነጋኝም፤ በዚያ ላይ የጠላሁትን ያህል ወንድሜ ነው።

ዶክተሩ በዙር መጣና አልጋዋ ሥር ቆሞ አሰበ። ከዚህ በፊት ይህን ክኒን ውጠሽ ታውቂያለሽ ወይ እማማ አላት። እናቴ እኔን እያየች መለሰች።

«በፍጹም! ልጄ ምስክሬ ናት። ንጹሕ ነሽ ብላ የላከችብኝ እሷው አይደለችም?»

ለሁለተኛ ጊዜ! በገዛ ሞቷ ላይ ምስክር ልታደርገኝ! ማመንታቱ ያኔ ከውስጤ ወጣ። «ወስዳለች» አልኩ። ዶክተሩ ዞር አለ። «ለወራት ወስዳ አቋርጣለች። የተወሰደውም ከዚሁ ነው፤ በወንድሜ ስም።»

ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋው። ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ፤ ማስረጃው ላይ ያለው ፊርማ የሱ ነዋ። ይህን ለእኔ ነግረሽኛል፣ ከእንግዲህ ለግድግዳም እንዳትነግሪ አለኝ። በዚያው ካፕሱሉ እንዲጠየቅላት አደረገ። ምን ብሎ እንዳስመጣው አልጠየቅሁትም።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምግብ ሳመጣላት ነርሷ ካላጎረሰቻት አትቀበልም። ካፕሱሉን ጀምራ ሽንቷ ሲቀላ ለአጠገቧ በሽተኞች ገደለችኝ ብላ አወራች፤ እነሱም እኔ ሳልፍ ነጠላቸውን ይሰበስቡ ጀመር። እኔ በየጊዜው ስላይዷን አያለሁ። ቀዩ ሳሳ። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። አንድ ቀን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ ጋሼም ፈልገው አጡት። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። እህ አለች።

ዳነች። ሥጋ ለበሰች፤ በእግሯ አገሯ ገባች። ወንድሜም ከቆላ በደህና ተመለሰ፤ የፈራነው ሁሉ አልመጣም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተቀይሮ ነበር፤ አዲሱ ስለ ሳል የሚያውቀው ነገር የለም። ለእናቴ ነጠላ አምጥቶላታል። እኔን ሲያገኘኝ እንደ ጥንቱ ጉንጬን ግራና ቀኝ ሳመኝ። ምን ላድርግ ብለሽ ነው እታለም፣ አንቺ ብትሆኚ ለመሞት ትዘምቺ ነበር ወይ አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ ከእናቴም አልወጣም። የሰጠችውን ክኒን የት እንዳደረሰው ብጠይቀው፣ ለአንድ ቆላ ለቆላ የሚዞር በሽተኛ ሰጠሁት አለኝ።

በዓመቱ ለእናቴ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደረሰ። ልረዳት ወጣሁ። ቤቱ ሞልቷል፤ ጠላው ደርሷል፤ ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባርከዋል። ሴቶቹ እናቴን እያዩ ይገረማሉ፤ በቃሬዛ የሄደች ሴት እንዲህ ሆና ተመለሰች ይላሉ። አንዷ ማን አዳነሽ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ወንድሜን በእጇ አመለከተች።

«ልጄ ነው» አለች። «ራሱ ታሞ፣ መድኃኒቱን ከአፉ ነጥቆ እኔን አጎረሰኝ።»

እልልታው ቀለጠ። ቄሱ ቆመው መረቁት፤ ሴቶቹ እየተነሱ ጉልበቱን ሳሙት። እሱ አንገቱን ደፍቷል። እኔ እንስራ ይዤ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። አንዲት ባልቴት ወደኔ ዞሩና፣ በክፋት ሳይሆን በእርጋታ፣ አንቺስ ልጄ፣ ያን ያህል ተምረሽ፣ እናትሽን ታማ ሳለ ንጹሕ ነሽ ብለሽ መለስሻት ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይ አሉኝ። እኔ እናቴን አየኋት። እናቴም አየችኝ፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሰው ናት እንግዲህ፤ ትሳሳታለች» አለች። «እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ደግ እናት ነሽ ብለው መረቋት።